የናፈቀን ብረቱ አይደለም

ስለ ድሮ ከባድ መኪና ወሬ ሲነሣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ፊያት 682 ላይ ያርፋል። ኤን ትሬ የሚባለው ሞዴሉ ተሳቢውን አስከትሎ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለው ብርድ እያጓራ ጣርማበር ሲደርስ፣ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ፣ ረዳቱም ታኮውን ይዞ ለመዝለል ሲያቆበቁብ የሚያሳየው ሥዕል፣ ያየውም ያላየውም የሚተርከው የጋራ ትዝታ ሆኗል። ትዝታው ታዲያ ለብቻው አይመጣም፤ ፍርድ አስከትሎ ነው። «ያ ዘመን ብረት ነበር፤ የዛሬው ላስቲክ ነው» ይባላል። ፍርዱን የሚቀሰቅሰውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ትዕይንት ነው፦ ከአውሮፓ የመጣ ዘመናዊ መኪና የኋላ የአየር ከረጢቱ ተንፍሶ፣ በአፋር በረሃ መንገድ ዳር በአንድ ጎኑ ተቀምጦ፣ ሹፌሩ ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪላክለት ይጠብቃል፤ ባለ ባሌስትራው መኪና አቧራውን እያለበሰው ያልፋል። ለብዙ ሰው ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል።

ለእኔ ግን ገና እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። የአየር ከረጢት ስል በግጭት ጊዜ ከመሪው ውስጥ የሚፈነዳውን ማለቴ አይደለም፤ በሻንሲና በአክስል መካከል ቆሞ፣ በባሌስትራ ፈንታ ጭነት የሚሸከመውን፣ በውስጡ ክር የተነጠፈበትን ወፍራም የጎማ ከረጢት ነው። ይህ ከረጢት ሲተነፍስ መኪናው ቁጭ ይላል፤ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ባሌስትራ ሲሰበር ግን ከተነባበሩት ብረቶች አንዱ ቢሄድ የቀሩት ይሸከማሉ፤ መኪናው ትንሽ ዘንበል ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። አንዱ ጉዳቱን በአደባባይ ያወጣል፣ ሌላው በሆዱ ይይዛል። ትዝታችን ይህን ልዩነት እንደ ጥንካሬ ልዩነት መዝግቦታል። ለባሌስትራ የምናወርደው ምስጋና አብዛኛው የሚገባው በዙሪያው ለነበሩት ሰዎችና ለዘረጉት አሠራር ነው፤ ከረጢቱን የምንወቅሰውም ያን የመሰለ አሠራር ስላላበጀንለት ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ባሌስትራ የማይበገር ብረት ቢሆን ኖሮ፣ ከባድ መኪና በሚያድርበት ከተማ ሁሉ ያን ያህል ባሌስትራ ሠሪ እንጀራ ባልበላም ነበር። ሹፌሩም ትርፍ ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር አስሮ ያን ሁሉ ብረት በከንቱ ባልተሸከመ። ባላገሩ የሚያርስበት ማረሻ፣ እንጨት የሚፈልጥበት መጥረቢያ፣ ቆንጨራውና ቢላው ስንቱ ከተሰበረ ባሌስትራ እንደወጣ የሚያውቅ ያውቃል። በገጠር ገበያ ይህን ያህል የባሌስትራ ብረት የተገኘው ከመኪና ሥር ይህን ያህል ስለተሰበረ ነው። የምናስታውሰው ግን ጥገናውን እንጂ ስብራቱን አይደለም፤ ምክንያቱም ጥገናው ቅርብና ርካሽ ስለነበር ስብራቱ እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ ምሳ ሰዓት የጉዞው አካል ሆኖ ይቆጠር ነበር።

የተሰበረውን ብረት ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ባሌስትራ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በመሃል፣ የመሃል ቡሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ ብረቱ እዚያ ጋ ተበስቷልና ጉልበቱ ይሳሳል፤ ከአክስሉ ጋር ጠፍሮ የሚይዘው ዩ ቦልት ከላላ ደግሞ ያው ቦታ ያለ እረፍት ይታጠፋል። መካኒኩ ሻንሲውን በክሪክ አንሥቶ፣ በእንጨት ደግፎ፣ የዛገውን ዳዶ በእሳት አሙቆ ሲፈታ፣ በብረቶቹ መካከል የተጋገረው ዝገት እንደ ዛፍ ልጥ ይረግፋል። ስብራቱ ፊት ላይ ሁለት ቀለም አለ። ከፊሉ የጠቆረ ነው፤ ከፊሉ አዲስ ብረት ሆኖ ያብረቀርቃል። የጠቆረው ክፍል ከብዙ ጉዞ በፊት የጀመረውና ዝገት የገባበት ስንጥቅ ነው፤ የሚያብረቀርቀው በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ በአንድ ጊዜ የተቆረጠው ነው። እንግዲህ ያ «ምንም የማይሆን» የተባለው ብረት ለሳምንታት እየተሰበረ ሲጓዝ፣ ሹፌሩም ባለንብረቱም አያውቁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሚደነቅ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ከሌላ መኪና የተረፈ ብረት በስፋቱና በውፍረቱ ተመርጦ በከሰል ይግላል፣ በመዶሻ ይጎብጣል፣ ከአሮጌዎቹ ጋር እየተለካ ይስተካከላል። (የቀጥቃጩን እሳት የሚያናፋው ወናፍ ራሱ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ የአየር ከረጢት ነው፤ በአየር የሚሠራ ነገር ለዚህ ሙያ እንግዳ ነው የሚለውን ሰው ይህን ላስታውሰው እወዳለሁ።) ሆኖም አድናቆት ዓይን መሸፈን የለበትም። የባሌስትራ ብረት ጉልበቱን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ከጋለና ከተነከረ በኋላ እንደገና በልክ ሲሞቅ ነው። በከሰል የጋለ ብረት ያን ልክ የሚያገኘው በቀጥቃጩ ዓይንና በዕድል ነው፤ ቢጠነክር ይሰባበራል፣ ቢለሰልስ ይተኛል። ስለዚህ የተጠገነው ባሌስትራ ብዙ ጊዜ ለሌላ ስብራት ቀጠሮ ይዞ ከጋራዡ ይወጣ ነበር። ቀጠሮው ሲደርስ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቀጥቃጭ ይጠብቀዋል። ሥርዓቱ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ያን ሥርዓት ደግፎ ያቆመው ሌላው ምሰሶ ጊዜ ነበር። ከአሰብ አዲስ አበባ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ የአፋርን ሜዳ አቋርጦ፣ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ይህን መንገድ አሮጌ መኪና በቀናት እንጂ በሰዓታት አይቆጥረውም። ግማሽ ቀን ለባሌስትራ ቢሄድ ማንም አይደነግጥም፤ ረዳቱ ከመኪናው ሥር ይገባል፣ ሹፌሩ ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል፣ ጭነቱም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብን በር ከዘጋ በኋላ ግን የአገሪቱ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ሥራውም ቀስ በቀስ የኮንቴይነር ሥራ ሆነ። ኮንቴይነር በቀኑ ካልተመለሰ ያስከፍላል፤ ባለንብረቱም መኪናውን የሚለካው በወር በሚመላለሰው ጉዞ ነው። ዛሬ በጅቡቲ መንገድ ጋላፊ አጠገብ ግማሽ ቀን የቆመ መኪና፣ ድሮ ባቲ ላይ ግማሽ ቀን ከቆመው ጋር አንድ ዓይነት ብልሽት ቢገጥመው እንኳ አንድ ዓይነት ኪሳራ የለውም። ብልሽቱ የበዛ የሚመስለን በከፊል ትዕግሥታችን ስላነሰ ነው፤ ትዕግሥታችን ያነሰውም በቂ ምክንያት ስላለው ነው።

ወደ ከረጢቱ እንመለስ። በአሜሪካ ፋየርስቶን የአየር ስፕሪንግ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1953 በአየር ላይ የሚሄድ የከተማ አውቶቡስ ለገበያ አቀረበ። ወደ ጭነት መኪና በሰፊው የተዛመተው ዘግይቶ ነው፤ በአውሮፓ ይህን ካፋጠኑት ነገሮች አንዱ ሕግ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት የክብደት ደንብ ባለ ሦስት አክስል መኪና የሚፈቀድለት 25 ቶን ሲሆን፣ የሚነዳው አክስል መንታ ጎማና የአየር ከረጢት ካለው ግን 26 ቶን ይፈቀድለታል። ያቺን አንድ ቶን መንግሥታቱ የሰጡት ለሹፌሩ ወገብ አዝነው አይደለም፤ ለአስፋልታቸው ነው። ደንቡ ሌላ ዓይነት ሰስፔንሽን ከአየር እኩል እንዲቆጠር ከተፈለገ መኪናው በሴኮንድ ከሁለት ጊዜ በላይ መንጠር የለበትም ይላል፤ በተነባበረ ብረት የሚሄድ ከባድ መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ይነጥራል። ብረት በብረት ላይ ሲፋተግ ትንንሹን ጉድጓድ አይቀበለውም፤ ጭራሽ ሳይታጠፍ ወደ ሻንሲው፣ ወደ ጭነቱ፣ ወደ ሹፌሩ ጀርባ ያስተላልፈዋል፤ ከሥርም መንገዱን ይደበድበዋል።

አሁን ከረጢቱ እንዴት እንደሚተነፍስ እንይ፤ ምክንያቱም «ላስቲክ ነው» የሚለው ፍርድ የሚፈተነው እዚህ ነው። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጠዋት ተንበርክኮ ቢገኝ፣ ልማዱ ወዲያው «ከረጢቱ ሄደ» ማለት ነው። የሰከነ መካኒክ ግን ሞተሩን አስነሥቶ አየሩን ከሞላ በኋላ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ይዞ ከላይ ይጀምራል። አየሩ የሚገባበት ማያያዣ ላይ አረፋው ትልልቅ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ከፈነዳ ጥፋቱ የማያያዣው ወይም የቱቦው ነው፤ በጥቂት ብር ያልቃል። የከፍታ ቫልቩ አየር ማስወጫ ላይ አረፋው ሳያቋርጥ ከተነፋ ቫልቩ ውስጡ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። ይህ ቫልቭ በአንዲት ቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ መኪናው ዝቅ ሲል አየር ያስገባል፣ ከፍ ሲል ያስወጣል፤ ዘንጉ ከተጣመመ ጤነኛውን ከረጢት ከልኩ በላይ ሲነፋው ወይም ባዶ ሲያስቀረው ይውላል። በከረጢቱ ገላ ላይ፣ ጎማው በታችኛው ፒስተን ላይ እየተጠቀለለ በሚወርድበት እጥፋት ውስጥ፣ እንደ ቡና ክሬማ የደቀቀ ነጭ አረፋ ቀስ ብሎ ከወጣ ግን ያ ከረጢት ዕድሜው አልቋል። እዚያ ቦታ ላይ ጣትን ሲያሳልፉ ደቃቅ አሸዋ ይገኛል፤ ጎማውን በየእጥፋቱ እየፈገፈገ ክሩ ድረስ ያደረሰው እርሱ ነው።

ይህን ከረጢት መለጠፍ አይቻልም ወይ? በየመንገዱ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ይህ ነው፤ ተቃውሞውም የጤና ነው፣ ምክንያቱም የጎማ ጥገና ያሳደገው ሕዝብ ላስቲክ ሲያይ መለጠፊያ ቢታየው አይገርምም። ግን የጎማ ውስጥ ላስቲክ ሲለጠፍ ሸክሙን የሚሸከመው የውጩ ጎማ ነው፤ ልጣፉ አየር እንዳያመልጥ ብቻ ይጠብቃል። ከረጢቱ ውጭ የለውም። አየሩንም ሸክሙንም የያዘው አንድ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውም በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይገለበጣል። ክሩ አንዴ ከተበጠሰ ላዩ ላይ የተጣበቀ ላስቲክ ሸክም አይመልስለትም፤ ሲገለበጥ ጠርዙ ይላቀቃል፣ ካልተላቀቀ ደግሞ ያበጠው ቦታ ይፈነዳል። እዚህ ላይ የድሮው ብልኃት መሸነፉን መቀበል ይገባል። የሚጠገነው ማያያዣው፣ ቱቦው፣ ቫልቩ፣ ዘንጉ ነው፤ ገላው ይቀየራል።

የመንገድ ላይ ብልኃት ግን ጨርሶ አላለቀም። ከረጢቱ በበረሃ ቢቀደድ፣ አየር እንዳይባክን ወደዚያ አክስል የሚሄደውን መስመር መዝጋትና መኪናውን ከረጢቱ ውስጥ ባለው የላስቲክ መደገፊያ ላይ አስቀምጦ፣ በዝግታ እስከ ቀጣዩ ከተማ መሄድ ይቻላል። ድሮ ባሌስትራ ሲሄድ እንጨት ጠርቦ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ሸንቁሮ በሰንሰለት ማሰር እንደነበረው ነው፤ ልዩነቱ እንጨቱ እዚህ አስቀድሞ ውስጥ መቀመጡ ነው። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ስንት እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ መኪናው ተሽጦ ሲመጣ ያስተማራቸው ስለሌለ ነው። ባሌስትራን ያስተማራቸው ረዳት ሆነው ከመኪና ሥር ያሳለፉት ዘመን ነው፤ ለከረጢቱ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አልተከፈተም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመልክዓ ምድሩ የሚነሣ ነው፦ የአፋር ሙቀት፣ አቧራው፣ ከጎማ የሚፈናጠረው ጠጠር ለብረት እንጂ ለላስቲክ አልተፈጠረም ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሙቀት ላስቲክን ያደርቃል፣ አሸዋ ይፈገፍገዋል፣ ከአሮጌ ኮምፕሬሰር አየሩን ተከትሎ የሚመጣ ዘይትም ጎማውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ለድንጋይ ካባና ለግንባታ ቦታ የሚውል ገልባጭ መኪና ባሌስትራውን ይዞ ቢቀጥል እኔም የምለው የለኝም። ነገር ግን የተነፈሱ ከረጢቶች በምን እንደሞቱ ሲመረመር ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው። አሞርዛተሩ የተበላሸ መኪና ጉድጓድ ዘሎ ሲወርድ አክስሉን ወደ ታች የሚይዘው አይኖርም፤ ከረጢቱ ከልኩ በላይ ይሳብና ከፒስተኑ ወይም ከላይኛው ሳህኑ ይነቀላል። አክስሉን የሚይዙት ክንዶች ቡሽ ካለቀ አክስሉ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከረጢቱ ተጣሞ ከሻንሲው ጋር ይፋተጋል። ከረጢቱን ብቻ ቀይሮ አሞርዛተሩንና ቡሹን የተወ ሰው አዲሱን ከረጢት ለዚያው ሞት ያዘጋጀዋል፤ ከዚያም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። ዕቃው ፎርጅድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሁሉም ጊዜ ግን አይደለም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ሥር የበርካታ አገሮች ተመራማሪዎች ከባድ መኪና በመንገድና በድልድይ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያወጡ፣ አየር ከብረት ይልቅ ለመንገድ እንደሚራራ አሳይተዋል፤ ግን አሞርዛተሩ ደኅና ሲሆን ነው። አሞርዛተሩ የሞተበት ባለ ከረጢት መኪና ያ ብልጫው ይጠፋል። ባሌስትራ ብረቶቹ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ንጥረቱን በመጠኑ ያበርዳሉና አሞርዛተር ባይኖረውም ይሄዳል፤ ብዙ መኪናችንም እንዲያ ሄዷል። አየር ግን አይፋተግም። አየር ከአሞርዛተር ጋር ካልተጋባ ኳስ ነው። ስለዚህ ከረጢቱን «ለእኛ መንገድ አይሆንም» ከማለት በፊት፣ አሞርዛተር እስኪረግፍ የመንዳት ልማዳችን ለየትኛውም መንገድ ይሆን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ እርሱም ገንዘብ ነው። ባሌስትራ ከተሰበረ የአገር ውስጥ ብረት፣ የአገር ውስጥ ከሰል፣ የአገር ውስጥ ክንድ ይጠግነዋል። ከረጢት በዶላር ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ማንኛውም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ምን ያህል እንደናረ ሶማሌ ተራ ዕቃ የጠየቀ ሁሉ ያውቃል። ይህን ማስተባበል አይቻልም። ሆኖም ሒሳቡ ግማሹ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ጎማም በዶላር ይመጣል፤ የሚነጥር አክስል ጎማን በየቦታው እየቦጨቀ ይበላዋል። ከንቅጥቅጡ የሚሰነጠቀው ሻንሲ፣ የሚላላው የጋቢና ማሰሪያ፣ የሚቆረጠው የኤሌክትሪክ ገመድ፣ በመንገድ የሚሰበረው ጭነት ለብቻ ለብቻ ስለሚመጣ ከባሌስትራው ጋር አናገናኘውም። የሹፌሩ ወገብማ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከረጢቱ ውድ የሚመስለው ዋጋው በአንድ ደረሰኝ ላይ ተሰብስቦ ስለሚመጣ ጭምር ነው። ከረጢቱ ከባሌስትራ ይረክሳል ብዬ አልምልም፤ ደረሰኙን ግን ሙሉውን እናንብበው።

«ገበያው ፈርዷል» የሚሉም አሉ። መንገዱን የሞላው ባሌስትራ የተገጠመለት የቻይና ሲኖትራክ ነው፤ ባለንብረቱ የሚያዋጣውን ያውቃል፤ ይህም ያስኬዳል። ነገር ግን ባለንብረቱ የሚያዋጣውን ሲያሰላ ከሚወዳቸው የባሌስትራ ጠባዮች አንዱ ብረት ማስጨመር መቻሉ ነው። ሁለት ዝርግ ብረት ቢጨመርበት መኪናው ከተፈቀደለት በላይ ጭኖ ሳይጎብጥ ይሄዳል፤ ትራፊኩም በዓይኑ አይለየውም። ከረጢት እንዲህ ያለ ውለታ አይውልም፤ ግፊቱ ከጭነቱ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ አንዲት ግፊት መለኪያ ቢገጠምለት አክስሉ ስንት እንደተሸከመ ለሹፌሩ ይናገራል፤ ከልኩ በላይ ሲጫን ደግሞ ሸክሙን ማንሣት ያቅተዋል። ትርፉ ላይ ከሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ኦታዋ ከተማ አጠገብ፣ የጭነት መኪናዎችን ለዚሁ በተሠሩ ቀለበት መንገዶች ላይ ቀንና ሌሊት በማዞር የተደረገው ሙከራ፣ በአስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት ከአክስሉ ክብደት አራተኛ እርከን ጋር እንደሚያድግ አሳየ። በዚህ ስሌት አክስሉ ላይ 20 በመቶ የጨመረ ሰው መንገዱን በ20 በመቶ ሳይሆን ከእጥፍ በላይ ይጎዳዋል። እንግዲህ ገበያው የፈረደው ግማሹን ተከራካሪ ሳይሰማ ነው፤ መንገዱ በገበያው ላይ አልተወከለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1950 ለአውራ ጎዳና ሥራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ከተበደረችበት ጊዜ ጀምሮ መንገዱን የምናሠራው በብድርና በግብር ነው፤ ባሌስትራ ያስጨመረው ባለንብረት ያተረፈውን ይኸው ብድርና ግብር ይከፍልለታል።

በዚሁ ከረጢት ላይ እንጀራቸውን የሚጋግሩ ኢትዮጵያውያን መኖራቸው ደግሞ «ከረጢት አለመያዛችን የሕዝብ ጠባይ ነው» የሚለውን ሰበብ ያፈርሰዋል። በአሜሪካ ረጅም መንገድ የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ እዚያ ለኮንቴይነርና ለሸቀጥ የሚሮጠው መኪና አብዛኛው በአየር ላይ የሚሄድ ነው። የዚያ አገር ፌዴራል ደንብ ከሹፌሩ የሚጠይቀው ረቂቅ ነገር አይደለም፦ መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዘንበል የለበትም፤ የአየር ግፊቱ በመደበኛ ልኩ ላይ ሳለ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ በላይ መቀነስ የለበትም፤ የፍሬኑ አየር ቢያንስ 55 ፒ.ኤስ.አይ ሳይደርስ ወደ ከረጢቱ አየር መግባት የለበትም። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ከረጢቱና ፍሬኑ ከአንድ ኮምፕሬሰር ይጠጣሉና፣ የሚያፈስ ከረጢት የሚያባክነው ፍሬን የሚይዝበትን አየር ነው፤ መሃል ያለው ቫልቭ ከሠራ ፍሬኑን ያድነዋል፣ ቫልቩን ሰው «አየር ከለከለኝ» ብሎ ካነሣው ግን ቁልቁለት ላይ የሚሆነው አይነገርም። ይህን ሁሉ ለመፈተሽ ሰዓት፣ የግፊት መለኪያና ጆሮ ይበቃል። «እዚያ ሕግ አለ፣ ቅጣት አለ» ቢባል ልክ ነው፤ ድሮ በአሰብ መንገድ ላይ ግን ሕግ ሳይሆን የሹፌሩ ኩራት ነበር መኪናውን በየማረፊያው እንዲዞረው የሚያደርገው። ልማድ ከሁለቱም በኩል ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ከድሮው ልንመልሰው የሚገባ ነገር ካለ ቀጥቃጩ ለባሌስትራ የነበረው ቅርበት ነው። በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በሠመራ ከረጢት የሚቀይር ጋራዥ ለመክፈት ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። ሻንሲውን በአስተማማኝ መደገፊያ ላይ ማስቀመጥ፣ አየሩን ጨርሶ ማስወጣት፣ የላይና የታች ቡሎኖቹን መፍታት፣ አዲሱን ሳይጣመም አስገብቶ በልኩ ማጥበቅ፣ አየሩን ቀስ ብሎ መሙላትና በመጨረሻ የመኪናውን ከፍታ በሜትር መለካት ነው፤ ባሌስትራ ፈትቶ፣ ቀጥቅጦ፣ መልሶ ከመግጠም ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። አንድ አደጋ ግን መነገር አለበት፦ ያልተገጠመን ከረጢት መሬት ላይ አስቀምጦ «ልሞክረው» ብሎ አየር መንፋት ሰው ይገድላል። የቀረው የአቅርቦት ጉዳይ ነው፤ የከረጢቱ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ነጋዴ ሁሉንም በየከተማው ሊያከማች አይችልም፣ ቁጥሩንም ሹፌሩ አስቀድሞ ካልጻፈ በስልክ የታዘዘው ሌላ ሆኖ ይመጣል። ባለንብረቱ ለራሱ መኪና አንድ ከረጢትና አንድ የከፍታ ቫልቭ ገዝቶ ለሹፌሩ ቢሰጠው፣ ሁለቱ ተደምረው ድሮ ይታሰር ከነበረው ትርፍ ባሌስትራ ክብደት አይደርሱም። እንደ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር ማሰር ግን አይሆንም፤ ፀሐይና ዘይት ሳይነኩት ጋቢና ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር ይቀመጥ።